ዎኪ-ቶኪ ይዞ ድንበር መሻገር



ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ ከደሴ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ነው፡፡ ልጃቸው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ከነቤተሰቡ ይኖራል፡፡ አልሐምዱሊላህ፣ የጉብኝት ቪዛ አግኝተው ክረምቱን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊያሳልፉ ነው፡፡ ልጃቸውም እናቱን፣ ባለቤቱን፣ ልጆቹንና የባለቤቱን ወንድም ይዞ ሸናንዶዋ ወደሚባለው የተራራ ፓርክ በመውጣት ሦስት ቀን በድንኳን ለማደር አቅዷል፡፡ በዚያ ተራራ ሞባይል በብዙ ቦታ አይሠራም፡፡ ስለዚህ በእግር ጉዞ ላይ እንዳይጠፋፉ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዎኪ-ቶኪ እንደሚያድል በስልክ ነግሯቸዋል፡፡ ከጀርመን የሚመጣው የእህታቸው ልጅ ደግሞ የራሱን ሁለት ሬዲዮ ይዞ ይቀላቀላቸዋል፡፡

እናታችን የተጨነቁት እዚህ ላይ ነው፡፡ እርሳቸው በሚያውቁት ዘመን የመገናኛ ሬዲዮ በእጁ የያዘ ሰው ወይ ወታደር ነው ወይ ፖሊስ፡፡ ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሰው ይዞ ቢገኝ ጣጣው ብዙ ነበር፡፡ «እኔ በሰው አገር እንግዳ ነኝ፡፡ ባልተፈቀደልኝ ነገር ተናግሬ ልጄን ችግር ውስጥ ብከተውስ? አላህ ዘንድስ እንዴት ይታያል?» ይላሉ፡፡ በመጨረሻም ሲመለሱ ደሴ ላሉት የልጅ ልጆቻቸው ሁለት ሬዲዮ ገዝተው ማምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል፡፡

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፡፡ አዎ፣ መናገር ይችላሉ፡፡ ነገር ግን ይህ መልስ ለአንድ ዓይነት ሬዲዮ፣ ለአንድ አገር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል፡፡ በተለይ ልጆቻቸው በተለያየ አገር ተበትነው ለሚኖሩ ቤተሰቦች፡፡

በአሜሪካ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው፡፡ ይህ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 «የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት» የሚባል ክፍል አቋቋመ፡፡ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤፍ.አር.ኤስ. ይባላል፡፡ ስሙ እንደሚያመለክተው ቤተሰብ በገበያ፣ በመናፈሻና በጫካ ውስጥ እንዲገናኝበት ታስቦ የተሠራ ነው፡፡ 22 ቻናሎች አሉት፡፡ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፡፡ ኃይሉም ቢበዛ 2 ዋት ነው፤ ከ8 እስከ 14 ባሉት ቻናሎች ላይ ደግሞ ግማሽ ዋት ብቻ፡፡ በዚህ ሬዲዮ ለመናገር ማመልከቻ፣ ክፍያም ሆነ መታወቂያ አያስፈልግም፡፡ የዕድሜ ገደብም የለውም፡፡ ዜግነት አይጠየቅም፡፡ ከደሴ የመጣች እናት በዚያው ከተወለደ የልጅ ልጇ ጋር በዚህ ረገድ እኩል ናት፡፡ ደንቡ ለይቶ የሚያስቀረው የውጭ መንግሥት ተወካይን ነው፡፡ (ከዘመዶቻችሁ መካከል በዋሽንግተን ኤምባሲ ውስጥ አገሩን ወክሎ የሚሠራ ካለ ሬዲዮውን ለልጆቹ ትቶ እርሱ እሳት ቢያነድ ይሻላል!)

ታዲያ አንድ ሬዲዮ የቤተሰብ ሬዲዮ መሆኑ በምን ይታወቃል? በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የመጀመሪያው ነው፡፡ ሁለተኛው አንቴናውን መያዝ ነው፡፡ የኤፍ.አር.ኤስ. ሬዲዮ አንቴና ከገላው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ተፈትቶ አይወጣም፡፡ አንቴናው እንደ ብሎን እየተሽከረከረ የሚፈታ ከሆነ ያ ሬዲዮ ከዚህ ክፍል አይደለም፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፡፡ በነገራችን ላይ ካርቶኑ ላይ «35 ማይል ይደርሳል» ተብሎ ቢጻፍ አትመኑት፡፡ ያ ከተራራ አናት ወደ ሜዳ፣ ምንም ጋራጅ ሳይኖር ነው፡፡ በጫካና በሸለቆ ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከደረሰ መልካም ነው፡፡ ስለዚህ ሕፃናትን «ሬዲዮ ይዘዋል» ብሎ ርቀው እንዲሄዱ መልቀቅ አይገባም፡፡

አሁን ወደ ትልቁ ወንድም እንምጣ፡፡ በእነዚሁ ቻናሎች ላይ የሚሠራ፣ ኃይሉ ግን የሚበልጥ ሌላ አገልግሎት አለ፡፡ ጂ.ኤም.አር.ኤስ. ይሉታል፡፡ የእጅ ሬዲዮው 5 ዋት፣ በመኪና ላይ የሚገጠመው ደግሞ እስከ 50 ዋት ሊደርስ ይችላል፡፡ ይህኛው ያለ ፈቃድ አይነካም፡፡ ፈቃዱን የሚያወጣው ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ እዚህም ላይ የውጭ መንግሥት ተወካይ አይፈቀድለትም፡፡ ፈተና የለውም፡፡ ክፍያው ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 35 ዶላር ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል፡፡

እኔን ያስገረመኝ ይህ ፈቃድ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያቅፍ መሆኑ ነው፡፡ ደንቡ ቤተሰብ ማለት ማን ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፡፡ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የእንጀራ ልጆች፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ የእንጀራ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ አጎትና አክስት፣ የወንድምና የእህት ልጆች፣ እንዲሁም አማቾች፡፡ የፈርኦንን አገር ስፋት ያህል ዝርዝር ነው፤ የመድረሳ ልጅ ሆኖ የውርስ ትምህርት የተማረ ሰው ሲያነበው «ይህን ነገር የት ነው የማውቀው?» ማለቱ አይቀርም፡፡ በእናታችን ጉዳይ ላይ ስናየው ልጃቸው ፈቃዱን ካወጣ እርሳቸው ወላጅ ናቸውና ተፈቅዶላቸዋል፡፡ የባለቤቱ ወንድም አማች ነውና ተፈቅዶለታል፡፡ ሕፃናቱም እንዲሁ፡፡

ከጀርመን የሚመጣውስ? እርሱ ለባለ ፈቃዱ የአክስት ልጅ ነው፡፡ የአክስት ልጅ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፡፡ እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ ወንድም ነው፤ አብሮ ያደገ ከሆነማ ከወንድምም ይበልጣል፡፡ ጎረቤቱን ሁሉ «አጎቴ» እያለ ያደገ የወሎ ልጅ ይህን ለመቀበል ይቸግረው ይሆናል፡፡ ነገር ግን ደንቡ የሚያውቀው በስሙ የጠራውን ዝምድና ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ያ ልጅ በጉዞው ላይ የሚናገረው በትንሿ የቤተሰብ ሬዲዮ ነው፤ በትልቁ አይደለም፡፡ ወይም የራሱን ፈቃድ ያውጣ፡፡ ባልንጀሮችና ጎረቤቶችም እንዲሁ ናቸው፡፡

በትልቁ ሬዲዮ የሚናገር ሰው የተሰጠውን መለያ ጥሪ በንግግሩ መጨረሻ ላይ፣ ንግግሩ ከረዘመም በየ15 ደቂቃው መጥራት አለበት፡፡ ወሬው በአማርኛ ቢሆን ማንም አይከለክልም፤ መለያው ግን በእንግሊዝኛ ይጠራል፡፡ በምስጢር ቃል፣ በተቆለፈ ንግግር መልእክት ማስተላለፍ ክልክል ነው፡፡ በትንሿ ሬዲዮ ላይ መለያ ጥሪ የሚባል ነገር የለም፡፡

ወደ ጀርመኑ ልጅ ሬዲዮ እንመለስ፡፡ በመልኩ የአሜሪካኑን ይመስላል፡፡ አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1998 ተስማምተው ለግል መገናኛ የለዩት ሞገድ በ446 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፡፡ ግማሽ ዋት፣ የማይፈታ አንቴና፣ ያለ ፈቃድ፡፡ ፍራንክፈርት ላይ ዘመዶቹን የሚጠይቅ እንግዳ ያለ ሐሳብ ሊናገርበት ይችላል፡፡ በአሜሪካ ግን ይህ ሞገድ በመጀመሪያ የጦር ኃይሉ ራዳር፣ ቀጥሎም ፈተና አልፈው ፈቃድ የያዙ አማተር የሬዲዮ ሰዎች ነው፡፡ የአሜሪካኑ የቤተሰብ ሬዲዮም ወደ ጀርመን ቢሄድ ለሌላ ሥራ በተመደበ ሞገድ ላይ ይጮኻል፡፡ ሁለቱም በየአገራቸው ንጹሕ ናቸው፤ ድንበር ሲሻገሩ ግን የሰው ቤት ሰብረው የገቡ ያህል ይሆናሉ፡፡ ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ የገባ ሾፌር ይህን ይገነዘባል፡፡ መኪናው ያው መኪና፣ ሾፌሩም ያው ሾፌር ነው፤ ነገር ግን በቀኝ ሲነዳ የነበረው ድንበሩን ካለፈ በኋላ በግራ ካልነዳ ሰው ይገድላል፡፡ ስለዚህ የጀርመኑ ልጅ ሬዲዮዎቹን እዚያው እቤቱ ቢተዋቸው ነው የሚሻለው፡፡ ወደ ካናዳ ለሚሻገሩ ደግሞ፣ እዚያ ከ2 ዋት ያልበለጠ የእጅ ሬዲዮ በሁለቱም አገልግሎቶች ያለ ፈቃድ ይሠራበታል፤ 5 ዋቱን ግን ይዞ መናገር አይቻልም፡፡

አንዳንድ ወጣቶች «ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ መጫወቻ?» ይሉ ይሆናል፡፡ በክፍል ውስጥም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገጥመኛል፡፡ መልሱ በታሪክ ውስጥ አለ፡፡ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ሬዲዮ የሠራ ሁሉ እንደፈለገ ይናገር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም 1,500 ያህል ሰው አለቀ፡፡ በዚያ ሌሊትና በማግስቱ አየሩ በተደበላለቀ ወሬ ተሞልቶ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ድኗል የሚል ዜና በጋዜጣ እስከመታተም ደረሰ፡፡ ዘመዱን ያጣ ሰው «ድነዋል» የሚል ጋዜጣ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ አስቡት፡፡ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አሜሪካ የሬዲዮ ፈቃድን የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፡፡ ዛሬ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 18 መሠረት ማንኛውም የግል ሰው ያለ መንግሥት ፈቃድ ማሰራጫ ጣቢያ ማቋቋምም ሆነ መጠቀም አይችልም፡፡ ያቺ ትንሽ ዎኪ-ቶኪም በደንቡ ዓይን ማሰራጫ ናት፡፡ በአሜሪካ ለቤተሰብ ሬዲዮ ወረቀት የማይጠየቀው መንግሥቱ ፈቃዱን አስቀድሞ ለሁሉም በደንብ ስለሰጠ ነው፡፡ የጀርመን መንግሥት ያንን አልሰጠም፤ የእኛም መንግሥት አልሰጠም፡፡

«አላህ ዘንድስ?» ወዳሉት ልመለስ፡፡ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ መምህር ነኝ፡፡ ሆኖም በኪታብ የተማርነውን ማስታወስ እችላለሁ፡፡ ፉቀሃዎቻችን በሌላ አገር መንግሥት የደኅንነት ቃል ተሰጥቶት የገባን ሰው ሙስተእሚን ይሉታል፡፡ የተሰጠው ደኅንነት የሁለት ወገን ቃል ነው፡፡ እነርሱ ላይጎዱት፣ እርሱም ላይከዳቸው፡፡ በዘመናችን ቪዛ ከዚህ የተለየ ነገር አይመስለኝም፡፡ ሱረቱል ማኢዳ የምትከፈተው ውልን በመሙላት ትእዛዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ስለዚህ እንግዳው ማንም ባያየው፣ ፖሊስም በጫካ ውስጥ ባይኖር፣ ሬዲዮው የተፈቀደ መሆኑን ማጣራቱ ከአማና ነው፡፡

በሌላ በኩል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን ሰዎች የሚጋሩት ነገር እንዳደረጉት በሐዲስ ተዘግቧል፡፡ እኔ የሬዲዮን ሞገድ ሳስብ ይህ ይመጣብኛል፤ ምሳሌዬ እንጂ ፈትዋ አይደለም፡፡ የመንደሩ ምንጭ የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነ ግን አንዱ ከብቱን ከላይ አስገብቶ ካደፈረሰው ታች ያለው ሰው ይጠማል፡፡ ከላይ ያለው ሰው የታችኛውን ላያየው ይችላል፡፡ በማይፈቀድ ሞገድ ላይ የሚስቅና የሚጫወት ቤተሰብም የማንን ጥሪ እንደሸፈነ አያውቅም፡፡ አምቡላንስ ይሁን፣ የፋብሪካ ክሬን የሚያዝ ሠራተኛ ይሁን አያየውም፡፡

ከፈቃዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ሌላ ነገር አለ፡፡ በእነዚህ ሬዲዮዎች ላይ «የግል ኮድ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ በብዙዎቹ ላይ 38 ያህል ቁጥር ይገኛል፡፡ ሰዎች ይህን ሲያስተካክሉ ንግግራቸው የተቆለፈ ይመስላቸዋል፡፡ አልተቆለፈም፡፡ ኮዱ የሚዘጋው የእናንተን ጆሮ ነው፤ የሌሎችን ወሬ እንዳትሰሙ ያደርጋል እንጂ የእናንተን ወሬ ሌሎች እንዳይሰሙ አያደርግም፡፡ በዚያው ቻናል ላይ ኮዱን አጥፍቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ይሰማል፡፡ «በአማርኛ ነው የምናወራው፣ ማን ይሰማናል?» የሚል ደግሞ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ስንት ሺህ ኢትዮጵያዊ እንዳለ የረሳ ሰው ነው፡፡ በሚቀጥለው ድንኳን ውስጥ ሽሮ የሚሠሩ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፡፡ ስለዚህ ቤቱ ባዶ እንደሆነ፣ የመኪናው ቁልፍ የት እንደተቀመጠ፣ የእገሌ ልጅ ትዳር እንዴት እንደፈረሰ በሬዲዮ አይወራም፡፡

እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን የምለው አለ፡፡ ቻናል እየቀያየሩ የሌሎችን ወሬ መስማት ያስደስታል፤ አልክድም፡፡ ሱረቱል ሑጁራት ግን የሰውን ነውር መከታተልንና ሐሜትን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ከልክላለች፡፡ ቻናል ስትከፍቱ በአጋጣሚ የገባ ድምፅ ወንጀል የለበትም፡፡ የቤተሰብ ጭቅጭቅ መሆኑን አውቆ ቁጭ ብሎ ማድመጥና ለእራት መጨዋወቻ ማድረግ ግን ሌላ ነው፡፡ ቻናሉን ቀይሮ ማለፍ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፡፡

ሬዲዮው ራሱ አደብ ያስተምራል ብል አላጋንንም፡፡ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው መናገር አይችልም፤ ሁለቱ እኩል ከተጫኑ ማንም አይሰማም፡፡ ተናጋሪው መጨረሱን አሳውቆ ቁልፉን ካለቀቀ መልስ የለም፡፡ በየቤታችን የእራት ገበታ ላይ ይህ ቢለመድ ምንኛ መልካም ነበር!

ብዙ ቤተሰቦች በሐጅ ጊዜ በሚና ድንኳኖች መካከል እንዳይጠፋፉ ስለዚህ ሬዲዮ ያስባሉ፡፡ በሳዑዲ ዓረቢያ ሞገዱን የሚያስተዳድረው የኮሙኒኬሽን፣ የስፔስና የቴክኖሎጂ ኮሚሽን ነው፡፡ በአሜሪካ ሱቅ ያለ ፈቃድ የተገዛ ሬዲዮ እዚያ ይፈቀዳል ብሎ መገመት ስሕተት ነው፡፡ ከጉዞው በፊት በሐጅ አስጓጁ በኩል ይጠየቅ፡፡ አዛውንቶች ከሆኑ ደግሞ የሚገናኙበትን ምሰሶ ቀድሞ መስማማትና የድንኳኑን ቁጥር በክንድ ላይ ማሰር ባትሪ አያልቅበትም፡፡

የቀረው የእናታችን የመጨረሻ ጥያቄ ነው፡፡ በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረውና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ የመገናኛ ሬዲዮ እንደ ልብስና እንደ ጫማ በሻንጣ ተጥሎ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የመጣ እንደሆነ ጉምሩክ ይይዘዋል፡፡ «ለሕፃናት መጫወቻ ነው» ማለት አያድንም፡፡ ይህ ለአረፍት ወደ አገር ቤት ለሚመጡ ወንድሞችና እህቶችም፣ ለውጭ አገር እንግዶችም ያው ነው፡፡ ፈልጎ የሚያመጣ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቅ፤ ቦሌ ደርሶ መለመን ለራስም ለሠራተኛውም ድካም ነው፡፡

እናታችን ሆይ፣ እንግዲህ በሸናንዶዋ ተራራ ላይ ልጅዎ የሰጠዎትን ትንሿን ሬዲዮ ያለ ስጋት ይያዙ፤ ቁልፉን ተጭነው አንድ አፍታ ቆይተው ይናገሩ፣ የመጀመሪያው ቃል እንዳይቆረጥ፡፡ ልጅዎን ትልቁን ፈቃድ አውጥቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ካላወጣ አንቴናው የሚፈታውን ሬዲዮ አይንኩ፡፡ ሲመለሱ ሬዲዮዎቹን እዚያው ለልጅ ልጆችዎ ይተዉላቸው፡፡ ለደሴዎቹ ኳስ ይምጣላቸው፡፡ አላህ በሰላም ያድርስዎ፣ በሰላምም ይመልስዎ፡፡

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፡፡